ፊውል ትሪም በተሻሻሉ የቱርቦ ሞተሮች ላይ

ፊውል ትሪም የቤንዚን ሞተር ኮምፒውተር ራሱ አስልቶ በወሰነው የነዳጅ መጠን ላይ የኦክስጅን ሴንሰሩን ንባብ ተከትሎ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው እርማት ሲሆን የሚገለጸውም በመቶኛ ነው። +5 ማለት ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ካሰላው 5 በመቶ የበለጠ ቤንዚን እየረጨ ነው ማለት ነው፤ −5 ደግሞ ያንኑ ያህል እየቀነሰ መሆኑን ያሳያል። ከፋብሪካ እንደወጣ በሚነዳ መኪና ላይ ይህ ቁጥር በዋናነት የብልሽት መፈለጊያ ነው። ኢንጀክተሩ፣ የአየር መግቢያ ቱቦው ወይም ቱርቦው በተቀየረ መኪና ላይ ግን ሌላ ትርጉም ይጨምራል፦ ኮምፒውተሩ ስለ ሞተሩ የያዘው መረጃ ከእውነተኛው ሞተር ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ደግሞ በዝግታ ሲነዳ የተማረው እርማት ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥም ስለሚሠራ፣ ችላ የተባለ ትሪም ፒስተን እስከ መስበር ሊደርስ ይችላል።

የእርማቱ መነሻ

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ተሟጦ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ ምጣኔ ላምዳ 1 ይባላል። ላምዳ ከ1 ሲበልጥ ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል፣ ማለትም ስስ ነው፤ ከ1 ሲያንስ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ማለትም ወፍራም ነው። በጭስ ማውጫው ውስጥ የሚገጠመው ባለሦስት ተግባር ካታሊስት ሦስቱንም ዋና ዋና በካይ ጋዞች በአንድ ጊዜ የሚያጠፋው ድብልቁ በላምዳ 1 አካባቢ በጠባብ ክልል ውስጥ ሲቆይ ብቻ ነው። ካርቡሬተር ይህን ያህል ልክ መጠበቅ አይችልም። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ የላምዳ ሴንሰርን በብዛት ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ መጀመሪያ የተገጠመውም ለአሜሪካ ገበያ በተዘጋጁ የቮልቮ መኪኖች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ኦቢዲ-2 የተባለውን የምርመራ ሥርዓት እንዲይዙ ሲገደዱ፣ ፊውል ትሪምም በማንኛውም የምርመራ መሣሪያ የሚነበብ የጋራ ቁጥር ሆነ።

ኮምፒውተሩ ወደ ሲሊንደር የገባውን ቤንዚን አይለካም፤ ያሰላል። የአየር መጠን ሴንሰሩ፣ በተለምዶ ማፍ የሚባለው፣ የቮልቴጅ ምልክት ይልካል። ኮምፒውተሩ ያንን ቮልቴጅ በሰንጠረዥ ተመልክቶ በሰከንድ ስንት ግራም አየር እንደገባ ያውቃል፣ በሚፈለገው ምጣኔ ያካፍላል፣ ከዚያም ኢንጀክተሩ በደቂቃ ስንት እንደሚረጭ በተጻፈለት ቁጥር ተመርቶ ስንት ሚሊ ሰከንድ ክፍት መቆየት እንዳለበት ይወስናል። በመጨረሻም ኢንጀክተሩ ትእዛዝ ደርሶት እስኪከፈት የሚያባክነውን ጊዜ ይጨምርበታል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የትኛውም ቁጥር ከእውነቱ ቢርቅ ውጤቱ የሚወጣው በአንድ ቦታ፣ በትሪሙ ላይ ነው። የትሪም ጥቅሙም ችግሩም ይኸው ነው፦ ስህተት መኖሩን ያሳያል፣ የትኛው ቁጥር እንደተሳሳተ ግን አይናገርም።

የአጭርና የረጅም ጊዜ ትሪም

የአጭር ጊዜው ትሪም ሴንሰሩን እየተከታተለ በየቅጽበቱ ከፍ ዝቅ የሚል ነው። ሞተሩ ጤናማ ሲሆን በዜሮ ዙሪያ ይወዛወዛል። የረጅም ጊዜው ትሪም ደግሞ የአጭር ጊዜው ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ሲቆይ ያንን ዝንባሌ ቀስ ብሎ ይረከባል። የአጭር ጊዜው +6 ላይ ተጣብቆ ቢቆይ የረጅም ጊዜው ወደ +6 ይወጣና የአጭር ጊዜው ወደ ዜሮ ይመለሳል። በሶፍትዌር ቋንቋ አንደኛው ጊዜያዊ ተለዋዋጭ፣ ሁለተኛው የተቀመጠ ቅንብር ነው ሊባል ይችላል። ስለዚህ የአጭር ጊዜውን ብቻ አይቶ ዜሮ ስለሆነ ችግር የለም ማለት አይቻልም፤ ሁለቱ ተደምረው ነው የሚነበቡት። በጥብቅ ስሌት የሚባዙ ናቸው፣ ለምሳሌ +5 እና +3 ተባዝተው 8.15 በመቶ ይሰጣሉ፤ ልዩነቱ ከመደመር በጣም ትንሽ ስለሆነ በሥራ ላይ ግን መደመር ይበቃል።

በኦቢዲ-2 ደንብ ትሪም የሚላከው በአንድ ባይት ነው። 128 ዜሮ በመቶ ማለት ሲሆን፣ የመጣው ቁጥር በ100 ተባዝቶ ለ128 ይካፈልና 100 ይቀነስለታል። 138 ቢመጣ +7.8 በመቶ ነው። የረጅም ጊዜው ትሪም በብዙ መኪኖች ላይ ከባትሪው ኃይል በሚያገኝ ማኅደር ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ የባትሪው ገመድ ሲነቀል ወይም አዲስ ፕሮግራም ሲጫን ወደ ዜሮ ይመለሳል። የእርማቱ ወሰን ከአምራች አምራች ይለያያል። ኮምፒውተሩ ወሰኑ ላይ ደርሶ አሁንም ድብልቁ ስስ ከሆነበት ፒ0171፣ ወፍራም ከሆነበት ደግሞ ፒ0172 የሚባለውን የስህተት ኮድ መዝግቦ የሞተር መብራቱን ያበራል።

ዝግ ዑደትና ክፍት ዑደት

ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን እያዳመጠ ራሱን የሚያርምበት ሁኔታ ዝግ ዑደት ይባላል። በሚኒሞ፣ በከተማ ጉዞና በአውራ ጎዳና ላይ በእኩል ፍጥነት ሲነዳ ሞተሩ በዚህ ሁኔታ ይሠራል፤ ግቡም ላምዳ 1 ነው። ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥና ቱርቦው አየሩን ሲያጭቅ ግን ላምዳ 1 አደገኛ ነው። ያን ጊዜ የብዙ ቱርቦ ሞተሮች ግብ ከላምዳ 0.75 እስከ 0.80፣ ማለትም በቤንዚን ከ11 እስከ 11.8 ለ1 አካባቢ ይሆናል። ትርፉ ቤንዚን ኃይል ለመስጠት የሚረጭ አይደለም፤ እየተነነ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል፣ በጋራዥ ቋንቋ ኖክ የሚባለውን ማንኳኳትም ያርቃል። ማንኳኳት ካንዴላው ድብልቁን ካቀጣጠለ በኋላ ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት ክፍል በሙቀትና በግፊት ብዛት በራሱ ፈንድቶ የሚፈጥረው ምት ነው። ተራ ሞተር ትንሽ ማንኳኳት ሊችል ይችላል። ግፊቱ የተጨመረ ቱርቦ ሞተር ግን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሊጎዳ ይችላል።

የቀድሞዎቹ ቱርቦ መኪኖች በዚህ ጊዜ ወደ ክፍት ዑደት ይገባሉ፤ ኮምፒውተሩ ከሰንጠረዥ ያነበበውን ይረጫል፣ ውጤቱን አይመረምርም። ተራው የኦክስጅን ሴንሰር ከ0 እስከ 1 ቮልት አካባቢ የሚሰጥና በ0.45 ቮልት ዙሪያ ስስ ወይም ወፍራም ብሎ ብቻ የሚለይ ስለሆነ፣ 11 ለ1 እና 12 ለ1 ለእሱ አንድ ናቸው። በሰፊ ክልል የሚያነብ ሴንሰር ያላቸው አዳዲስ መኪኖች በጫና ጊዜም በዝግ ዑደት መቆየት ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ በይበልጥ የሚመለከተው ግን የፊተኞቹን ነው፤ በቤት ጋራዥ የሚሻሻሉትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

በክፍት ዑደት የአጭር ጊዜው ትሪም ይቆማል። የረጅም ጊዜውስ? መልሱ በአምራቹ ይወሰናል። አንዳንዱ ኮምፒውተር የተማረውን ትቶ ንጹሕ ሰንጠረዡን ይጠቀማል፣ ሌላው የተማረውን ይዞ ይገባል። የሚያስተካክሉትን መኪና በዚህ ጥያቄ ሳያውቁ ሙሉ ጫና ላይ ማስተካከል ጭፍን ሥራ ነው።

የሱባሩ ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የተሠሩት የሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ መኪኖች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው፤ ኮምፒውተራቸው የዴንሶ ሥራ ሲሆን ውስጡ በክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች፣ በተለይም በሮምሬደር፣ በሰፊው ተጠንቷል። የአጭር ጊዜው ትሪም በእነዚህ መኪኖች ኤ ኤፍ ኮሬክሽን፣ የረጅም ጊዜው ደግሞ ኤ ኤፍ ለርኒንግ ይባላል። ኮምፒውተሩ የሚማረው አንድ ቁጥር ሳይሆን በአየሩ መጠን የተከፋፈሉ አራት ቁጥሮችን ነው። ድንበሮቹ እንደ ሞዴሉ ቢለያዩም በብዙዎቹ ላይ በሰከንድ 5.6፣ 10 እና 40 ግራም ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል ሚኒሞን፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው የተለመደ ጉዞን ይሸፍናሉ። አራተኛው ከ40 ግራም በላይ ያለው ሁሉ ነው፤ የላይኛው ድንበር የለውም።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። መኪናው በአውራ ጎዳና ላይ ቀስ ብሎ ዳገት ሲወጣ ወይም በፍጥነት ሲሄድ በሰከንድ ከ40 እስከ 50 ግራም አየር ሊስብ ይችላል፤ አሁንም በዝግ ዑደት ስለሆነ በአራተኛው ክፍል ይማራል። ያው መኪና ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ 200 ግራም አካባቢ ይስባል። በ45 ግራም ላይ የተማረው እርማት በ200 ግራም ላይም፣ በክፍት ዑደት፣ ማንም ሳይመረምረው ይሠራል። ሁለቱ ነጥቦች በማፍ ሰንጠረዡ ላይ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ የአንደኛው ስህተት ስለ ሌላኛው የሚናገረው ነገር ላይኖር ይችላል።

አንድ ግምታዊ ሁኔታ ይታይ። የአየር መግቢያ ቱቦው የተቀየረ መኪና ዳይኖ ላይ ወጥቶ አዲስ ፕሮግራም ይጫንለታል። በመጫኑ ምክንያት የተማረው ሁሉ ዜሮ ሆኗል። አስተካካዩ በሙሉ ጫና 11.1 ለ1 እስኪያገኝ ድረስ የነዳጅ ሰንጠረዡን ያርማል፣ ሥራውም ያማረ ይመስላል። ነገር ግን በ45 ግራም አካባቢ የማፍ ሰንጠረዡ ከእውነቱ 8 በመቶ አብዝቶ ያነባል፤ ይህን ማንም አላየውም፣ ምክንያቱም በዚያ ክልል የተነዳው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ባለቤቱ መኪናውን ወስዶ ለአንድ ሳምንት ወደ ሥራ ይመላለስበታል። አራተኛው ክፍል −8 ይማራል። አሁን ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ የሚረጨው ቤንዚን 8 በመቶ ያንሳል፣ 11.1 የነበረውም 12.1 አካባቢ ይሆናል። የሞተር መብራት አይበራም፣ ምክንያቱም −8 ከወሰኑ በጣም የራቀ ነው። እንዲያውም ድብልቁ ሲሳሳ ኃይል ትንሽ ሊጨምር ስለሚችል ባለቤቱ መኪናው የበረታለት ሊመስለው ይችላል። በሞቃት ቀን፣ ኦክቴኑ ዝቅ ባለ ቤንዚን፣ ረጅም ዳገት ላይ ግን ማንኳኳቱ ይጀምራል። በሱባሩ ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ ሞተሮች ላይ እንዲህ ያለው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚታየው በፋሻዎቹ መካከል ያለው የፒስተን ጠርዝ ተሰብሮ ነው።

ተቃራኒውም አለ። አራተኛው ክፍል +8 በተማረበት ጊዜ 11.1 እንዲሆን የተስተካከለ ሞተር ባትሪው ለሌላ ጥገና ሲነቀል እርማቱን ያጣል፤ በዚያው ቀን በሙሉ ጫና ቢነዳ 12 ለ1 አካባቢ ይሆናል። ባትሪ መንቀል እንደ ምንም በማይቆጠርበት ጋራዥ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

አንዳንድ አስተካካዮች የመማሪያውን ወሰን አጥብበው ወይም አራተኛውን ክፍል ጨርሶ ዘግተው ችግሩን ይገላገሉታል። ይህ በሙሉ ጫና ያለውን ድብልቅ የማይናወጥ ያደርገዋል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ቀስ በቀስ የሚዘጋ የነዳጅ ፊልትሮን ወይም የሚቆሽሽ ማፍን የሚያካክስበትን መንገድ ይወስዳል፣ የአስተካካዩንም የማስጠንቀቂያ መስኮት ይዘጋል። የተሻለው መንገድ በ40 ግራም አካባቢ ያለውን የማፍ ሰንጠረዥ አርሞ አራተኛው ክፍል በራሱ ወደ ዜሮ እንዲጠጋ ማድረግ ነው።

የቁጥሮቹ አቀማመጥ

አንድ የትሪም ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው ከሚኒሞ እስከ አውራ ጎዳና ድረስ እንዴት እንደሚለዋወጥ ነው።

በሁሉም ቦታ ተመሳሳይ የሆነ እርማት፣ ለምሳሌ በሚኒሞም በጉዞም +9፣ ብዙ ጊዜ ወደ ኢንጀክተሩ የፍሰት ቁጥር ወይም ወደ ነዳጅ ግፊት ያመለክታል። በሚኒሞ ከፍ ብሎ በጫና የሚጠፋ እርማት ሁለት ዋና ተጠርጣሪዎች አሉት። አንደኛው ከማፍ በኋላ የሚገባ ያልተቆጠረ አየር ነው። ሞተሩ በሚኒሞ በሰከንድ 3 ግራም ሲስብ በተሰነጠቀ ቱቦ 0.3 ግራም ቢገባ ስህተቱ 10 በመቶ ነው፤ በ30 ግራም ላይ ያው ቀዳዳ ያንኑ ያህል ቢያስገባ እንኳ 1 በመቶ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው የኢንጀክተሩ የመክፈቻ መዘግየት በስህተት መጻፉ ነው። በሚኒሞ ኢንጀክተሩ 2.5 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ክፍት ከሆነ የ0.2 ሚሊ ሰከንድ ስህተት 8 በመቶ ነው፤ በ15 ሚሊ ሰከንድ ላይ ግን 1.3 በመቶ ነው። ሁለቱን ለመለየት ቀላሉ ፈተና መብራት፣ ማራገቢያና የኋላ መስታወት ማሞቂያ በአንድ ጊዜ አብርቶ ቮልቴጁ ሲወርድ ማየት ነው፤ መዘግየቱ በቮልቴጅ ስለሚለዋወጥ፣ ትሪሙ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ጥርጣሬው ወደ ኢንጀክተሩ ያዘነብላል።

በቱርቦ ሞተር ላይ የአየር ማምለጫ ቀዳዳ ባሕርይ እንደ ግፊቱ ይገለበጣል፤ ለዚህም ነው ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳስተው። ከስሮትሉ በኋላ ያለ ቀዳዳ በሚኒሞ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ትሪሙም ወደ ላይ ይሄዳል። ቱርቦው ሲገፋ ግን በዚያው ቀዳዳ የተቆጠረ አየር ወደ ውጭ ያመልጣል፤ ኮምፒውተሩ ለሌለ አየር ቤንዚን ይረጫል፣ ድብልቁ ይወፍራል፣ ጥቁር ጭስም ይታያል። በኢንተርኩለሩ ቱቦ ላይ የላላ ማሰሪያም በጫና ጊዜ ተመሳሳይ ውጤት አለው። ማርሽ ሲቀየር አየሩን ወደ ውጭ የሚተፋ ቫልቭ፣ ድምፁ ስለሚወደድ ብዙ የሚገጠመው፣ ማፍ ባለው መኪና ላይ የተቆጠረን አየር እየጣለ ለአፍታ ድብልቁን ያወፍራል። በማፍ ፈንታ በማኒፎልድ ግፊትና በአየር ሙቀት በሚያሰሉ መኪኖች ላይ ይህ ሁሉ ይለያል፤ በእነሱ ላይ ከስሮትል በኋላ የገባ አየር ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርገው ይቆጠራል፣ የሚታየውም በትሪም ሳይሆን በሚኒሞው መጨመር ሊሆን ይችላል።

ከአየሩ መጠን ጋር እየወጣና እየወረደ የሚሄድ፣ በአንዱ ክልል +4 በሌላው −6 የሚሆን እርማት ደግሞ በአብዛኛው የማፍ ሰንጠረዡ ከአዲሱ ቱቦ ጋር አለመስማማቱን ያሳያል። ሴንሰሩ የሚለካው በአጠገቡ የሚያልፈውን አየር ስለሆነ ቱቦው ሲሰፋ በዚያው የአየር መጠን ፍሰቱ ይዘገያል፣ ንባቡም ያንሳል። ከሴንሰሩ በፊት ያለ መታጠፊያም አየሩን ወደ አንድ ወገን ሊያከማቸው ይችላል።

የማስተካከያው ቅደም ተከተል

ሰንጠረዥ ከመነካቱ በፊት የአየር መንገዱ በግፊት ወይም በጭስ መፈተሽ አለበት። ቀዳዳ ባለበት ሞተር ላይ የተስተካከለ ማፍ ቀዳዳው ሲደፈን ሁሉ ይበላሻል።

ቀጥሎ ኢንጀክተሩ ይመጣል። በደቂቃ 420 ሲሲ የሚረጭ ኢንጀክተር በ550 ሲሲ ቢተካና ኮምፒውተሩ ባይነገረው በእያንዳንዱ መክፈቻ 31 በመቶ ትርፍ ቤንዚን ይረጫል። ይህን ትሪም ይሸከመዋል ብሎ መተው አይቻልም። የፍሰቱ ቁጥርና በየቮልቴጁ ያለው መዘግየት ከአምራቹ ሰንጠረዥ ተወስዶ፣ የተለካበት የነዳጅ ግፊት በመኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑ ተረጋግጦ ይገባል። ከዚህ በኋላ ማፉ ሳይነካ የቀድሞው የአየር ቱቦ ተመልሶ ቢገጠምና ትሪሙ ቢታይ የኢንጀክተሩ ቁጥር በንጽሕና ይፈተናል። በብዙ ጋራዥ የሚዘለለው እርምጃ ይህ ነው፤ ሁለት ነገሮች በአንድ ቀን ስለሚቀየሩ የትኛው እንዳጠፋ አይታወቅም።

ሦስተኛው የማፍ ሰንጠረዥ ነው። መኪናው ሞቆ፣ ፔዳሉ ሳይናወጥ፣ በተለያየ ማርሽና ፍጥነት እየተነዳ የማፍ ቮልቴጅ፣ የአጭርና የረጅም ጊዜ ትሪም፣ የሞተር ሙቀትና የዑደቱ ሁኔታ ይመዘገባሉ። ከዚያ መዝገቡ ይጣራል። ሞተሩ ሳይሞቅ፣ በክፍት ዑደት ወይም ፔዳሉ በፍጥነት ሲንቀሳቀስ የተያዙ መስመሮች ይጣላሉ፤ ጭሱ ከቫልቩ እስከ ሴንሰሩ ለመድረስ ጊዜ ስለሚወስድ በእንቅስቃሴ ጊዜ የተነበበው ትሪም የሌላ ቅጽበት አየርን የሚመለከት ነው። ከነዳጅ ማጠራቀሚያው የሚመጣውን ትነት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቫልቭ ክፍት የነበረበት ጊዜም መረጃውን ወደ ታች ይጎትተዋል። የቀሩት መስመሮች በቮልቴጅ ተመድበው የእያንዳንዱ ምድብ አማካይ ይወሰዳል። አማካዩ በጥቂት የተዘበራረቁ ንባቦች እንዳይሳሳት መካከለኛውን ቁጥር መውሰድ ይሻላል፣ ጥቂት ንባብ ብቻ ያለው ምድብም ባይታመን ይመረጣል። በ1.80 ቮልት ላይ ሰንጠረዡ በሰከንድ 12 ግራም ቢልና የሁለቱ ትሪሞች ድምር +6 ቢሆን አዲሱ ቁጥር 12 በ1.06 ተባዝቶ 12.72 ይሆናል። በመጨረሻ መስመሩ ሳይሰባበር እየጨመረ የሚሄድ ሆኖ ይለሰልሳል። ሥራው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ትሪሙ በ±5 ውስጥ ከሆነ ለመንገድ መኪና ጥሩ ነው። ዜሮን ማሳደድ ትርፍ የለውም፤ የዛሬው ዜሮ በነገው ቤንዚንና የአየር ሁኔታ +2 ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ አቋራጭ አለ። የኢንጀክተር ስህተትን በማፍ ሰንጠረዥ መሸፈን ይቻላል፤ ትሪሙም ዜሮ ይሆናል። ነገር ግን የማፍ ቁጥር ለነዳጅ ብቻ አይደለም። ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጫና የሚያሰላው፣ የካንዴላውን የማቀጣጠያ ጊዜም የሚመርጠው ከዚያው ቁጥር ነው። ትልልቅ ኢንጀክተሮችን ለማካካስ አየሩ በ20 በመቶ አንሶ ቢጻፍ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ቀላል ጫና ላይ ያለ ይመስለዋልና ለቀላል ጫና የተጻፈውን ቀደም ያለ ማቀጣጠያ ይሰጣል። ድብልቁ ትክክል ሆኖ ሞተሩ ያንኳኳል። ኮምፒውተሩን እንደገና መጻፍ በማይቻልበት ዘመን የጃፓኑ አፔክሲ የሠራው ኤስ ኤ ኤፍ ሲና መሰሎቹ የአየር ምልክቱን በመሃል እየያዙ ይቀይሩት የነበረው በዚህ መንገድ ነው፤ የማቀጣጠያው መንሸራተት የእነዚህ ሳጥኖች የታወቀ ጉድለት ነበር።

ሙሉ ጫና የሚስተካከለው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በሰፊ ክልል የሚያነብ ሴንሰር በጭስ ማውጫው ላይ ተገጥሞ፣ የቱርቦው ግፊት ዝቅ ካለበት ተነሥቶ ነው። በሱባሩው ምሳሌ የተማረው አራተኛ ክፍል በምርመራ መሣሪያ ተነብቦ ከሴንሰሩ ንባብ ጎን ይጻፋል፤ ያለ እሱ 11.1 የሚለው ቁጥር ምን እንደያዘ አይታወቅም። መኪናው ሁለት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ አራቱ ክፍሎች እንደገና ተነብበው፣ ሙሉ ጫናው አንድ ጊዜ እንደገና ይመዘገባል።

ትሪም የማያያቸው ብልሽቶች

ሴንሰሩ የሚያየው የሲሊንደሮቹን ድምር ጭስ ነው። ከአራቱ ኢንጀክተሮች አንዱ በከፊል ተዘግቶ 12 በመቶ ቢያንስ አማካዩ በ3 በመቶ ይሳሳል፣ ኮምፒውተሩም ለአራቱም 3 በመቶ ይጨምራል። ሦስቱ ጤነኞች 3 በመቶ ሲወፍሩ የታመመው አሁንም 9 በመቶ ያህል ጎደሎ ነው። በመሣሪያው ላይ ግን የሚታየው ደግ የሚመስል +3 ነው። ካንዴላው ያላቀጣጠለው ሲሊንደርም ያሳስታል፦ ያልተቃጠለው ቤንዚን ቢወጣም ያልተቃጠለው ኦክስጅንም አብሮ ስለሚወጣ ሴንሰሩ ስስ ብሎ ያነባል፣ ኮምፒውተሩም ወፍራም በሆነው ላይ ቤንዚን ይጨምራል። ከሴንሰሩ በፊት የተሰነጠቀ የጭስ ማኒፎልድ የውጭ አየር ስለሚስብ ተመሳሳይ ሐሰተኛ + ይፈጥራል፤ ቱርቦው ከባድና ሙቅ ስለሆነ በዚህ አካባቢ ስንጥቅ ብርቅ አይደለም።

ደካማ የነዳጅ ፓምፕ ከሁሉም ይከፋል። በሚኒሞና በጉዞ የሚፈለገውን በደንብ ያቀርባል፣ ትሪሙም ንጹሕ ይሆናል። ፍላጎቱ ከአቅሙ በላይ የሚሄደው ቱርቦው ሙሉ በሙሉ ሲገፋ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ማዳመጥ ትቷል። ይህን የሚያሳየው የነዳጅ ግፊት መለኪያ ወይም በሰፊ ክልል የሚያነበው ሴንሰር ብቻ ነው።

ኤታኖልና ከፍታ

ኤታኖል ተሟጦ ለመቃጠል የሚፈልገው አየር 9 ለ1 ብቻ ስለሆነ፣ ሲቀላቀል ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ይሻል። 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ምጣኔው 14.1 አካባቢ ሲሆን ትሪሙን ከ3 እስከ 4 በመቶ ወደ ላይ ይገፋል። በኢትዮጵያ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ከስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል 5 በመቶ የተቀላቀለበት ቤንዚን ይሸጥ ነበር፤ በእንዲህ ያለው ነዳጅ ላይ የሚታይ 2 በመቶ ገደማ ጭማሪ ብልሽት አይደለም። 85 በመቶ ኤታኖል ያለበት ነዳጅ ግን ምጣኔው 9.8 አካባቢ ስለሆነ ለብቻው የተጻፈ ፕሮግራም ይፈልጋል።

ከፍታ በማፍ መኪና ላይ ትሪሙን ብዙ አይነካውም፣ ሴንሰሩ የሚለካው የአየሩን ክብደት ነውና። በአዲስ አበባ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሞተሩ የሚስበው አየር ቢቀንስም የሚቆጠረውም አብሮ ይቀንሳል። በማኒፎልድ ግፊት የሚያሰላ መኪና ግን በባሕር ዳርቻ ተስተካክሎ ወደ ደጋ ሲወጣ፣ በጭስ ማውጫው በኩል ያለው የውጭ ግፊት ስለሚቀንስ ሲሊንደሩ በዚያው የማኒፎልድ ግፊት ትንሽ የበለጠ አየር ይይዛል፣ ትሪሙም ወደ ላይ ያዘነብላል። ኮምፒውተሩ የቱርቦውን ግፊት ከባዶ ቆጥሮ የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለማድረስ በደጋ ላይ ይበልጥ መሽከርከርና አየሩን ይበልጥ ማሞቅ አለበት። ማንኳኳት የሚመጣው በዚህ በኩል ነው፤ ትሪሙ ዜሮ ሆኖ ሳለ።